አርባ ቁጥር

ቱሩን ተቀምጣ እንኳ አንድ እግሯ አያርፍም። ትሮንድሃይም ከተማ ውስጥ አርባ ቤት ባለው ሕንፃ እንኖራለን፤ እሷ ከእኔ በላይ ናት፣ ኮቴዋን ጣሪያዬ ላይ እሰማለሁ። ለጀልባ ድርጅት የኮምፒውተር ፕሮግራም ትጽፋለች። ለእኛም አንድ ጽፋልናለች። ተራራው ላይ የጋራ ጎጆ አለን፣ የፋሲካን ሳምንት ግን ሁሉም ስለሚፈልገው በየዓመቱ ኮምፒውተሩ አንድ የቤት ቁጥር በዕጣ ያወጣል።

ኦድቫርና ሚስቱ ጌርድ አርባ ቁጥር ናቸው። ኦድቫር ዕጣው ባመለጠው ቁጥር ቱሩንን ደረጃ ላይ ይይዛታል።

«ምን አድርጌው ነው ማሽንሽ የጠመደኝ?»

«ዕጣ ዓይን የለውም፣ ኦድቫር። ቻለው።»

ዘንድሮ ግን ዕጣው ገና ሳይወጣ ያዛት፤ አልቀለደምም። «የጌርድ ጉልበት ከዘንድሮ በኋላ ያን ዳገት አይወጣም። አንዴ እዚያ ደጃፍ ላይ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ብርቱካኗን ስትልጥ ባያት ይበቃኝ ነበር።»

ቱሩን ቤቷ ገብታ መረጋጋት አቃታት። ቡናዋን ሳትጠጣው ደፋችው። መስኮት ከፈተች፣ መልሳ ዘጋች። በመጨረሻ ፕሮግራሙን አስር ሺህ ጊዜ ዕጣ አስወጣችው። ሌላው ቁጥር ሁሉ ደጋግሞ መጣ፤ አርባ ግን አንዴም አልመጣም። «ከአንድ እስከ አርባ» ብላ ነበር የጻፈችው። ያ የፕሮግራም ቋንቋ ደግሞ መጨረሻ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አይጨምርም፤ ሰላሳ ዘጠኝ ላይ ይቆማል። ጀማሪ የሚያውቀው ነገር ነው። እፍረቱ እያንገበገባት ጣሪያዬን ስትመላለስበት ዋለች።

እሑድ ለዕጣው ምድር ቤት ተሰብስበን ዋፍል የሚባለውን ጣፋጭ ቂጣ በቡናማ አይብ ስንበላ ተነሳች።

«ኦድቫር እስከ ዛሬ ዕጣው ውስጥ አልነበረም። ጥፋቱ የእኔ ነው። አስተካክዬዋለሁ።»

«በቃ፣ ዘንድሮ እነሱ ይውሰዱት» አለ አንዱ። ሁላችንም እጅ አወጣን። እኔ ጎጆዋን ቋምጬላት ስለነበር ትንሽ ዘገየሁ።

ኦድቫር ፊቱ ቀላ። «ምጽዋት አልፈልግም። እንደ ሰው አስገቢኝና አውጪው።»

«አንተ ሰውዬ፣ ተቀበል እንጂ» አለች ጌርድ።

«አውጪው አልኩ።»

ቱሩን ኮምፒውተሯን ከፍታ ቁልፉን ተጫነች። ስድስት ቁጥር ወጣ፤ አምናም ለዚያው ቤት ነበር የወጣው።

ኦድቫር ወንበሩን ደገፍ ብሎ ሳቀ፣ ከልቡ። «ይኸውላችሁ፣ ዛሬ ገና በወጉ ተሸነፍኩ።»

ጌርድ ምርኩዟን ከወለሉ አነሳች።

«አንተስ ክብርህን አገኘህ» አለችው። «ጉልበቱ ግን የእኔ ነበር።»