ዌለር ላይ

እንግሊዝኛዬ ያኮራኝ የነበረበት ጊዜ ነበር። በሁለት ሺህዎቹ መጀመሪያ ዳውንታውን ዴንቨር ያለ አንድ ሆቴል ውስጥ ሻንጣ ተሸካሚ ሆኜ ገባሁ፤ በሦስት ዓመት የሻንጣ ተሸካሚዎቹ ኃላፊ ሆንኩ። ክራባት አስሬ ደረቴን ነፍቼ መሄድ ጀመርኩ። ሐበሻ ሠራተኛ ከአለቃ ጋር መግባባት ሲያቅተው የምጠራው እኔ ነበርኩ። ሲጠሩኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም።

አቦይን ያወቅኳቸው እዚያው ነው። ኤርትራዊ ናቸው፤ ወጣቶቹ ሁሉ በእሳቸው ቋንቋ «አባቴ» ለማለት አቦይ ነበር የምንላቸው። በልጅነታቸው የተማሩት በአማርኛ በመሆኑ አማርኛቸው ከእኔ ይልቅ የጠራ ነው። ከልጃቸው ጋር ሞንትቤሎ የሚባል ሰፈር ይኖራሉ። ሥራቸው የሆቴሉ ፓርኪንግ መግቢያ ላይ፣ አንድ ሰው ብቻ በምትይዝ ቡዝ ውስጥ ተቀምጦ ትኬት መቀበል ነው። መኪና በመጣ ቁጥር መስኮቱ ይከፈታል፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው ማለት ይቻላል። በበረዶው ወራት ከታች የሚገባው ነፋስ ፊት ይገርፋል። የአቦይን ጣቶች ቁርጥማት ይዟቸው ነበር፤ ሐኪሙም ከብርድ ይራቁ ብሏቸዋል። ከብርድ ለመራቅ ግን ሌላ ሥራ ማግኘት ነበረባቸው።

ሥራው ተገኘ። ጥገና ክፍል አንድ ሰው ፈለገ፤ ቀለም የሚነካካ፣ በር የሚያስተካክል፣ የመጋረጃ ገመድ የሚቀይር። ሁሉም ነገር ውስጥ፣ ሙቀት ውስጥ ነው። ለአቦይ የነገርኳቸው እኔ ነኝ፣ ኢንተርቪው ያስያዝኩላቸው እኔ ነኝ፣ የምተረጉመውም እኔ ነኝ። «ብዙ እንዳያወሩ አቦይ፣ ሾርት ያድርጉት» አልኳቸው ሊፍት ውስጥ። ኮሌታቸውን አስተካከሉና እሺ አሉኝ።

የማኔጀሩ ቢሮ ግድግዳ ላይ አንድ የድሮ ስዕል ተሰቅሎ ነበር። የዚያ ዓይነት ስዕል በየኮሪደሩም አለ፤ ቀኑን ሙሉ ቢነዳ ባሕር በማይደረስበት ከተማ ማን እንደመረጠው አላውቅም። በጥቁር ቀለም የታተመ ነው። አንዲት ትንሽ ጀልባ፣ ከፊትም ከኋላም ሹል የሆነች። ቀዛፊዎቹ ጀርባቸውን ወደሚሄዱበት ሰጥተው ይቀዝፋሉ፤ ከኋላቸው የዓሣ ነባሪ ጅራት ከውሃው ወጥቶ ከጀልባዋ በላይ ተዘርግቷል። ጦር የያዘ አንድ ሰው ፊት ላይ ቆሟል። በዚያ ዓይነት ስዕል ፊት ለፊት በቀን አሥር ጊዜ አልፋለሁ። አንድም ቀን ቆሜ አላየሁትም።

ማኔጀሩ «ከዚህ በፊት ምን ዓይነት የእጅ ሥራ ሠርተዋል?» ብሎ ጠየቀ። ተረጎምኩ። አቦይ ግን ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ነበር። ከወንበራቸው ተነሡ፤ እኔ ደግሞ በመነሣታቸው ብቻ ላብ ላብ አለኝ።

«ዌለር!» አሉ፣ ፊታቸው በርቶ። «እኔ እኮ ወጣት ሆኜ ዌለር ላይ ነበርኩ፤ ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል። አምስት መቅዘፊያ፣ ሦስት በአንድ ጎን፣ ሁለት በሌላው። ገመዷንም፣ ቀለሟንም፣ እንጨቷንም የምንጠግን እኛው ነበርን። ንገረው።»

እኔም በዚያች ባኮራችኝ እንግሊዝኛዬ አሰላሁት። ድራይቭ የሚያደርግ ድራይቨር ከተባለ፣ ዌል፣ ማለትም ዓሣ ነባሪ፣ የሚያድን ዌለር ነው። ቀይ ባሕር ላይ ዓሣ ነባሪ አድኛለሁ ማለታቸው ነው! ደግሞስ በአንድ ጎን ሦስት፣ በሌላው ሁለት እየተቀዘፈ ጀልባ እዚያው አይሽከረከርም እንዴ? ሽማግሌው ቀባጠሩ አልኩ በልቤ። ያሳሰበኝ የእሳቸው ሥራ አልነበረም፤ ማኔጀሩ እኔን ምን ዓይነት ሰው አመጣህብኝ እንዳይለኝ ነው።

«ዓሣ ነባሪ አዳኝ ነበርኩ ይላሉ» አልኩት። ከዚያ ማንም ሳያዝዘኝ ትከሻዬን ሰበቅኩና ፈገግ አልኩ። «ላይ» የምትለዋን ቃል ዋጥኳት። ገመዱን፣ ቀለሙን፣ እንጨቱን፣ ለጥያቄው ዋናውን መልስ፣ ጨርሶ አልተናገርኩትም። ማኔጀሩ ስዕሉን አየ፣ አቦይን አየና ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ።

«ምን አሳቃችሁ?» አሉኝ አቦይ።

«ስዕሉን ስለወደዱት ነው» አልኳቸው።

ጥቂት አዩኝና ተቀመጡ። ሥራው ለሌላ ሰው ተሰጠ።

እዚያ ላይ ባበቃ ጥሩ ነበር። እኔ ግን ነገሩን ምሳ ሰዓት ላይ ጨዋታ አደረግኩት። ትከሻ መስበቄን ሳይቀር እያሳየሁ አወራሁ፤ ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ከዚያ በኋላ በአቦይ ቡዝ ያለፈ ሁሉ «አዳኙ፣ ዛሬስ ስንት ጣሉ?» ይላቸው ጀመር። እሳቸው እጃቸውን ያወዛውዛሉ። እኔን ሲያዩኝ ግን ሁልጊዜ «ደክመህልኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ» ይሉኝ ነበር።

ሁለት ዓመት አለፈ። አንድ ከሰዓት በኋላ የአንድ እንግሊዛዊ ሽማግሌ ሻንጣ ይዤ ኮሪደር ላይ ስሄድ ሰውየው ከአንዱ ስዕል ፊት ቆመ። «ዌለር!» አለ፣ ፊቱ በርቶ። «ባሕር ኃይል ሳለሁ ቀዝፌያታለሁ።»

«ዓሣ ነባሪ ታድኑ ነበር?» አልኩት።

ሳቀ። «የለም፣ የጀልባዋ ስም ነው። ቅርጿ ከድሮዎቹ የአዳኞች ጀልባ ስለተወሰደ እንደዚያ እንላታለን። ወጣቶች መቅዘፍ የምንማርባት ነበረች።» ጣቱን መስታወቱ ላይ አድርጎ ቆጠረልኝ፤ ሦስት በአንድ ጎን፣ ሁለት በሌላው። የመቅዘፊያዎቹ ርዝመት ስለሚለያይ፣ ከኋላ መሪ የሚይዝም ስላለ፣ ጀልባዋ ቀጥ ብላ ትሄዳለች አለኝ።

ያን ቀን ያፈርኩት ባለማወቄ ብቻ አይደለም። ነጩ ሰውዬ ሲነግረኝ ለአንዲት ደቂቃ እንኳ አልተጠራጠርኩም። ያንኑ ቃል፣ ያንኑ ቁጥር ነው የነገረኝ። አቦይ ሲነግሩኝ ትከሻዬን ሰበቅኩ።

ሻንጣውን አድርሼ በቀጥታ ወደ ፓርኪንግ ወረድኩ። አቦይ ካፖርታቸውን እስከ አገጫቸው ቆልፈው ተቀምጠዋል። መስኮቱ ላይ ቆሜ ሁሉንም ተናዘዝኩ፤ አዳኝ ማለቴን፣ የእጅ ሥራቸውን መዋጤን፣ ስሙን ያወጣሁላቸው እኔ መሆኔን። እሳቸው ግን አልተገረሙም።

«ሰምቼሃለሁ እኮ» አሉኝ። «ባሕር ኃይል የተማርነው በእንግሊዝኛ ነው። አፌ ዛገ እንጂ ጆሮዬ አልዛገም።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ?»

«አለቃህ ፊት ምን ልበል? ይሄ ልጅ የነገርኩትን አልተረጎመም ልበል? አንተንም ከሥራ ያባርርሃል።»

ሁለት ዓመት ሙሉ እግዜር ይስጥልኝ ያሉኝ ይህን እያወቁ ነው። ይቅርታ አልኳቸው፤ ቃሉ ከአፌ ሲወጣ አነሰብኝ።

ከኋላዬ መኪና ጡሩምባ ነፋ። «በል ዞር በል ልጄ፣ ሰው ቆሟል» አሉኝ። በክፍቱ መስኮት ለትኬቱ እጃቸውን ዘረጉ፤ ጣቶቻቸው አብጠው አልታጠፍ ብለዋቸው፣ ትኬቱን በሁለት እጃቸው ነው የተቀበሉት። ሰዓቴ ደርሶ ስለነበር ወደ ሎቢው ተመለስኩ። በሩ ሲከፈት ሙቀቱ ተቀበለኝ።