የተቀደዱት ገጾች

አሰላ ገበያ ዳር ጆንያ ላይ ከተዘረጉት አሮጌ መጻሕፍት አንዱን ሳነሳ ገብስ ገብስ ሸተተኝ። ልብ ወለዱን ወዲያው አወቅሁት።

አክስቴ ብርቄ ይህንኑ መጽሐፍ የምትደብቀው ገብስ ጆንያ ውስጥ ነበር። ባለታሪኳ የመንደር ልብስ ሰፊ ናት፤ ፖሊስን ያቃተውን ነፍሰ ገዳይ አሳዳ የምትይዘው እሷ ናት። አንድ ቀን አክስቴ እያነበበችልኝ አባቴ ደረሰብን።

"ሴት ልጅ ወንጀለኛ ስታሳድድ! ልጄን የምታስተምሪያት ይሄን ነው?" አለና የመጨረሻዎቹን ገጾች ቀዶ እሳት ውስጥ ከተታቸው።

አለቀስኩ። አክስቴ ግን መጽሐፉን አቧራ እንደነካው ልብስ አራገፈችው።

"ዝም በይ፤ የተቃጠለው ወረቀት ነው" አለችኝ። ያኔ ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። ከመጀመሪያው ገጽ አስጀመረችኝና የእያንዳንዱን ተጠርጣሪ ቃል አብረን መረመርን።

"ሐኪሙ ነው!" ብዬ ጮህኩ። "ሟቹ አጠገብ ቁልፍ ወድቆ ተገኝቷል፤ የሐኪሙ ኮት አንድ ቁልፍ ደግሞ በሌላ ክር ነው የተሰፋው!"

አክስቴ ጓዳ ያለው አባቴ እንዲሰማ አድርጋ አጨበጨበችልኝ።

"እህቴ፣ ውሰጂው" አለኝ መጽሐፍ ሻጩ። "መጨረሻው አልተቀደደም፤ ገዳዩን ታውቂዋለሽ።"

ሳልገልጠው መለስኩለት።

"እኛ ድሮ ይዘነዋል።"