አያቴን የነጠቁኝ የጓደኛዬ ቅድመ አያቶች

ቅናት ሆድ ውስጥ ይጀምራል የሚሉ ሰዎች ተሳስተዋል። የኔ በጆሮዬ ነው የገባው፦ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው አፓርታማችን፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ አያቴና ጓደኛዬ በፈረንሳይኛ ሲሳሳቁ ስሰማ።

አያቴ ዕድሜያቸውን የፈጁት ድሬዳዋ፣ ምድር ባቡር ውስጥ ነው። እዚያ የሥራው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። እንግሊዝኛቸው ግን ከ"ሄሎ" ብዙም አያልፍም። ጓደኛዬ የክፍሌ ልጅ ናት፤ የእናቷ ዘር የሚመዘዘው ከፈረንሳይ በመርከብ ተሻግረው ካናዳ ከሰፈሩት ከመጀመሪያዎቹ ሰዎች ነው፤ ቤታቸው እስካሁን ፈረንሳይኛ ይነገራል። ለታሪክ ፕሮጀክቷ የድሮ የቤተክርስቲያን የጋብቻ መዝገብ ከኢንተርኔት አውርዳ፣ የእጅ ጽሑፉ አልነበብ አላት። "አያቴ ያነቡልሻል" ያልኳት እኔው ነኝ። በገዛ አፌ!

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣት ልማዷ ሆነ። አያቴ ለሷ ሸሚዝ ይቀይራሉ፤ ለኔ ፒጃማ ይበቃል። "ማ ፊይ" ይሏታል። "ልጄ ማለት ነው" ብላ የተረጎመችልኝ ራሷ ናት! እኔ ትምህርት ቤት የመረጥኩት ስፓኒሽ ነው፤ ስለዚህ በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆኜ ሳህን አጥባለሁ።

"ሳህኑ ምን አደረገሽ? ቀንተሻል እንዴ?" አለች እናቴ።

"ማሚ፣ ፕሊስ!"

አንድ ቅዳሜ አያቴ ድንገት በአማርኛ ጮኹ። "በስመ አብ! እነዚህ እኮ ዘመዳሞች ናቸው!"

እጄን ሳላደርቅ ሮጥኩ። ላፕቶፑ ላይ በተከፈተው መዝገብ ያሉት ሙሽሮች ቅድመ አያታቸው አንድ ኖሯል።

"ሰባት ቤት አይቆጥሩም? ሽማግሌ የለም በአገሩ?" አሉና ወደ እኔ ዞሩ። "በይ አስረጃት፣ ይሄን በፈረንሳይኛ እንዴት እንደምለው እንጃ።"

ለመጀመሪያ ጊዜ ተፈለግኩ! እኛ ጋ ሰው ከመጋባቱ በፊት ሰባት ትውልድ ወደ ኋላ እንደሚቆጠር፣ ዝምድና ከተገኘ ጋብቻው እንደሚቀር አንድም ሳላስቀር አስረዳኋት። "የናንተዎቹ እኛ ጋ አይጋቡም ነበር" አልኩ፤ እንድታፍር ፈልጌ።

እሷ ግን እስኪያስለቅሳት ሳቀች። "ሰፋሪዎቹ እፍኝ አይሞሉም ነበር፤ ማንን ያግቡ? እስቲ ያንቺን ሰባት ቁጠሪ።"

ጀመርኩ። አባቴ። አያቴ። የአያቴ አባት... ቆምኩ። እሷ ውቅያኖስ ተሻግራ ትቆጥራለች፤ እኔ ሳሎናችን ውስጥ ቀረሁ።

"ለምን አልነገሩኝም?" አልኳቸው አያቴን።

"መቼ ጠየቅሽኝ? እሷ ጠየቀች።"

ይቺ አመመችኝ። "ይኸው ጠየቅኩ!"

ሳቁና ወንበር ሳቡልኝ። አባታቸው የበቅሎ ነጋዴ ነበሩ፤ ዋጋ ሲዋሹ ያስነጥሳቸው ስለነበር ገዢው ሁሉ አፍንጫቸውን እያየ ነበር የሚከራከራቸው። ስሰማ ሳቅ አፈነኝ። ይሄ ሁሉ እስካሁን የት ነበር?

ጓደኛዬ እንደለመደችው እስክሪብቶ አንስታ መጻፍ ስትጀምር ከእጇ ቀማኋት።

"ይሄኛው የኔ ነው።"

"ተይ እንጂ፣ ነውር ነው! እንግዳ እኮ ናት" አሉ አያቴ።

እንግዳ አሏት! ሳቄን ዋጥ አድርጌ ወንበሬን ወደሳቸው አስጠጋሁ።

"የአባትዎስ አባት?"