ራዶይካና የትራይሎ ጧፍ

ራዶይካ ከሰው ስትተዋወቅ ከፊቱ በፊት የምታየው አንገቱን ነው። አንገቱ አጭርና ወፍራም ከሆነ፣ በዚያ ላይ ጢሙ ከተንዠረገገ፣ ፊቷ ይጠቁራል። «ይሄ ሰውዬ ራሱን የሳተ ቀን አየር ላስገባለት ስል አሳሬን ያበላኛል» ትላለች፣ ሰውዬው እየሰማ። በቲሞክ ወንዝ በኩል ባለችው ከተማችን ከሃያ ዓመት በላይ አምቡላንስ ላይ የሠራች ቴክኒሻን ናት። እኔ ዢቫን ሾፌሯ ነኝ፤ ያየሁትን ነው የምጽፈው።

የራዶይካ ሃይማኖት አጭር ነው። ልብም ይሁን ስኳር፣ ስብራትም ይሁን ደም፣ ሁሉም ተራውን ይጠብቅ፤ መጀመሪያ አየር ይግባ። ስለዚህ ትልቁ ጠላቷ ትራስ ነው። በኛ አገር ሰው ሲወድቅ መጀመሪያ ትራስ ይመጣል። ካልነቃ ሁለተኛ ትራስ ይጨመራል። ራሱን የሳተ ሰው ጭንቅላቱ በትራስ ከፍ ሲል አገጩ ደረቱ ላይ ይደፋል፣ ምላሱ ወደ ኋላ ወርዶ ጉሮሮውን ይዘጋዋል። ቤተሰቡ ግን ከቦ ቆሞ ማንኮራፋቱን ይሰማና «ተመስገን፣ ተኛ» ይላል። ራዶይካ ስትደርስ መጀመሪያ የምትሰድበው ትራሱን ነው፣ ቀጥሎ ያመጣውን ሰው።

ሰርግ ቤትም አታርፍም። ጠጥቶ ወንበር ላይ የተንጋለለ ካየች ሳህኗን አስቀምጣ ትነሳለች፣ ሰውዬውን ምንጣፍ ላይ በጎኑ ታጋድመዋለች፣ ከዚያ ተመልሳ ጥብሷን ትበላለች። ባሏ ሚሎራድ በጀርባው መተኛት ካቆመ ቆይቷል። በጀርባው ሆኖ ትንሽ ካንኮራፋ በእንቅልፏ መሃል አገጩን በሁለት ጣት ይዛ ወደ ላይ ትስበዋለች፤ ምስኪኑ በሕልሙ ዓሣ ሆኖ መንጠቆ ሲጎትተው እንደሚያይ ነግሮኛል። ለበጎ ፈቃደኛ እሳት አደጋ ሠራተኞች ትምህርት የምትሰጥበትን የጎማ አሻንጉሊት «ሚኒስትሩ» ብላ ሰይማዋለች። አፉን ከፍቶ ተኝቶ ይውላል፣ ሌላ ሰው ካልነፋበት ምንም አይሠራም ትላለች።

ከሁሉ ሥራዋ ግን አንዱን ልንገራችሁ። ሰኔ ነበር፣ እሑድ፣ የምሳ ሰዓት። ከዱምብራቫ መንደር ተደወለ፤ አረቄ አውጪው ትራይሎ እየሞተ ነው ተባለ።

ስንደርስ ግቢው በዘመድ ተሞልቷል። ክፍሉ እንደ ዳቦ ምድጃ ይፋጃል፤ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል፣ ምክንያቱም የኛ ሰው ከሞት ይልቅ በሁለት መስኮት መሃል የሚያልፍ ነፋስ ይፈራል። ትራይሎ አልጋው ላይ ትራስ በትራስ ላይ ተደርቦለት፣ እንደ ጳጳስ ተደግፎ ተቀምጧል። ከንፈሩ አረቄ የሚያወጣበትን ሰማያዊ ፕሪም መስሏል። ጉሮሮው ያጓራል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ያጓራል። በሁለት እጁ መሃል የበራ የሰም ጧፍ አለ፤ ሚስቱ ፍሎሪካ ጣቶቹን በጣቶቿ ጠቅልላ ይዛለታለች። በኛ በቲሞክ ዳር ሕዝብ፣ በቭላሆች ዘንድ በእጁ ብርሃን ሳይዝ የሞተ ሰው ወዲያኛው ዓለም ሄዶ በጨለማ ይኖራል። ከዚያ በኋላ ምንም ዓይነት ተዝካር አያበራለትም።

«የሚያንኮራፋ ሰው ላይ ጧፍ የሚያበራ ማነው?» አለች ራዶይካ።

«ማንኮራፋት አይደለም፣ ጣር ነው» አለች ፍሎሪካ።

«ጣርም ከሆነ ትራስ ያመጣው ጣር ነው።»

ትራሶቹን አንድ በአንድ መዝዛ ወደ ኋላዋ ወረወረች፤ አንዱ አማቹን ስላቭኮን ፊቱ ላይ አገኘው። ትራይሎን አጋድማ ግንባሩን ወደ ኋላ ገፋች፣ አገጩን ወደ ላይ አነሳች። ማጓራቱ ወዲያው ቆመ። አየር መግባት ጀመረ፣ ግን ቀጭንና ዘገምተኛ ነበር። አፉን ከፍታ ስታይ የላይኛው ሰው ሠራሽ ጥርሱ ከቦታው ወልቆ ወደ ጉሮሮው ሊሄድ ነው። አውጥታ ስላቭኮ መዳፍ ላይ አኖረችው። ከምላሱ ሥር ደግሞ አረቄ አቁሯል። ማን እንዳጠጣው ጠየቀች። ስላቭኮ በእጁ የያዘውን ጥርስ እያየ፣ ለልቡ ብሎ ትንሽ ጠብ እንዳደረገለት ተናገረ።

«ልቡ አፉ ውስጥ ነው እንዴ ያለው?»

በመምጠጫው አረቄውን አወጣች። ቀጥላ ምላስ ወደ ኋላ እንዳይወርድ የሚያግደውን ጥምዝ የፕላስቲክ ቱቦ ከአፉ ጫፍ እስከ ጆሮው ሥር ለክታ፣ ልኩን መርጣ አስገባች። ሰውዬውን ጭራሽ አላቅለሸለሸውም፤ ይህ ደስ አይልም፣ ጉሮሮው ራሱን መጠበቅ ትቷል ማለት ነው። ማስኩን በሁለት እጇ ፊቱ ላይ ገጥማ ያዘች፣ እኔ የአየር ፊኛውን ጨመቅሁ። ቀስ ብሎ ነው የሚጨመቀው፣ ደረቱ ከፍ እስኪል ብቻ፤ ከዚያ ካለፈ አየሩ ሆድ ይገባና የበላው ሁሉ ይመለሳል።

በአንድ እጄ የኦክስጅኑን ሲሊንደር ልከፍት ስል ራዶይካ በዓይኗ ከለከለችኝ። ጧፉ ከማስኩ አንድ ስንዝር ነው ያለው፣ በመሃል ደግሞ የትራይሎ ጢም አለ። ኦክስጅን የነካው ጢም ላይ እሳት ሲያርፍ ምን እንደሚሆን ሁለታችንም እናውቃለን። ጧፉ ይጥፋ አለች።

ፍሎሪካ አልጮኸችም። «ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ጨለማ ሲፈራ ኖሯል» አለች። «ሽንት ቤት እንኳ መብራት ሳላበራለት አይሄድም። በጨለማ አልሰደውም፣ ልጄ። ብትፈልጊ እኔንም አብረሽ አቃጥዪኝ።»

ፊኛውን መጨመቅ አላቆምኩም። ኦክስጅን ባልተጨመረበት አየር ከንፈሩ ትንሽ ፈካ፣ ግን አልበቃም፤ ጣቶቹ አሁንም ሰማያዊ ናቸው። ራዶይካ እፍ ብላ ታጠፋዋለች ብዬ ጠበቅሁ። ምግብ ዘገየብኝ ብላ የማታውቀው ሰው የልደት ሻማ ላይ እፍ ያለች ሴት ናት። ነገር ግን የገዛ እናቷ በከተማው ሆስፒታል ስትሞት ነርሷ ጧፍ ከልክላታለች። ስለዚያ ቀን አውርታ አታውቅም፤ ነርሷን ብቻ እስከ ዛሬ ትረግማለች።

«እትዬ ፍሎሪካ» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ማንም አያጠፋውም። ሚስት ለባሏ ልትይዝለት ትችላለች አይደል?»

«ትችላለች። ግን እሱ ማየት አለበት።»

«እንግዲያው ይዘውለት ይውጡና ከመስኮቱ ራቅ ብለው፣ ዛፉ ሥር ይቁሙ። ያየዎታል።»

«ዓይኑ ተከድኖ?»

«ዓይኑን ለኔ ይተዉልኝ።»

ፍሎሪካ ባሏን አየች፣ ራዶይካን አየች። ከዚያ የትራይሎን ጣቶች አንድ በአንድ ከፈተችና ጧፉን በመዳፏ ከልላ ወጣች። ራዶይካ መስኮቱ እንዲከፈት አዘዘች። አንዲት አክስት በዚህ ነፋስ በርግጥ ይሞታል ብላ ተቃወመች፤ ስላቭኮ ግን ጥርሱን እንደያዘ በክርኑ ከፈተው። ፍሎሪካ ዛፉ ሥር ስትደርስ ኦክስጅኑን ለቀቅሁት።

ሰማያዊው መጀመሪያ ከከንፈሩ ለቀቀ፣ ቆይቶ ከጣቶቹ። ከግቢው ፍሎሪካ፣ ድዱን አሞት የሷን የእንቅልፍ ክኒን በአረቄ እንደዋጠ በመስኮቱ ነገረችን። ሰው ሊሞት ሲል ያልተናገረችውን አሁን ተናገረች፣ ስላልተጠየቅሁ ነው አለች። ብዙ ሳይቆይ ትራይሎን አቅለሸለሸው። ራዶይካ ቱቦዋን መዝዛ በጎኑ አዞረችው፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ። አንድ ዓይኑ ተከፈተ።

«ያቺ ሴትዮ እዚያ ምን ታደርጋለች?» አለ፣ ጥርስ በሌለው አፉ።

«ሞተው እንደሆነ እያጣራች ነው፣ ጋሼ ትራይሎ። ይተንፍሱላት።»

ነገሩ ገና አላለቀም። ዝም ካሉት ተመልሶ ይተኛል፣ ሲተኛ መተንፈስ ይረሳል፤ ሆስፒታል መሄድ ነበረበት። ፍሎሪካም ሐኪም ደህና ነው ሳይል ጧፉ አይጠፋም አለች። ኦክስጅን የተከፈተበት አምቡላንስ ውስጥ እሳት እንደማይገባ ግን ገብቷታል። ስለዚህ በስላቭኮ አሮጌ መኪና፣ መስኮት ዘግታ፣ ጧፏን ይዛ ተከተለችን።

ራዶይካ ከኋላ ሆና አገጩን እንደያዘች ትነዘንዘዋለች፤ ይተንፍሱ፣ አሁንም ይተንፍሱ፣ አረቄ ሲያወጡ እንዲህ ይሰንፋሉ እንዴ። እሱ በማስኩ ውስጥ ጧፉ መኖሩን ይጠይቃል፤ እሷ በኋላው መስታወት አይታ አለ ትለዋለች። ከድልድዩ ወዲያ መንገዱ ጉድጓድ በዛበት፣ የስላቭኮ መኪና ወደ ኋላ ቀረ።

«ዢቫን» አለችኝ፣ «ቀለሙም ትንፋሹም ደህና ነው። ቀስ በል፣ ሴትዮዋ ቀረች።»

ቀስ አልኩ። ሳይረኑንም አጠፋሁት፤ በዚያ ፍጥነት ያሳፍራል። የሚቀጥለው መንደር መሸታ ቤት ደጅ የተቀመጡት ሽማግሌዎች የሚያዘግም አምቡላንስና ከኋላው ባለ መኪና ጧፍ የያዘች ሴት ሲያዩ አስከሬን መስሏቸው ተነስተው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ትራይሎ በኋላው መስታወት አያቸው፣ እጁን አንስቶም ሰላም አላቸው። ራዶይካ እጁን መልሳ ደረቱ ላይ አኖረችና አገጩን ወደ ላይ አቃናችው።