አጎቴና የሙቀት መለኪያው ሽቦ

አጎቴ መካኒክ ነበሩ። መኪና ተበላሸ ሲባሉ ዕቃ ከመፍታታቸው በፊት ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣታቸው ይዳስሱ ነበር።

ቤንዚን በኩፖን መታደል በጀመረበት ዓመት፣ በተቅማጥ የደከመች ሕፃን ልጄን ይዤ ከቦርደዴ ወደ አሰበ ተፈሪ ሐኪም ቤት በእሳቸው አሮጌ መኪና እንሄድ ነበር። አሰቦትን ሳናልፍ የሞተሩን ሙቀት የሚያሳየው መርፌ ቀዩ ላይ ወጣ። አብሮን የተሳፈረው ሰው ሁሉ የያዝኩትን የውሃ ጀሪካን አይቶ ጮኸብኝ።

«ቢሻን! ውሃ! ውሃውን ለሞተሩ አምጪ እንጂ፣ ሁላችንንም በረሃ ላይ ልታስቀሪን ነው?»

ለልጄ የያዝኩት ውሃ ያ ብቻ ነበር። ጀሪካኑን አቅፌ አለቀስኩ።

አጎቴ ኮፈኑን ከፍተው ራዲያተሩን በእጃቸው ነኩ። ከዚያ ሙቀት ከሚለካው ቡልቦ ላይ ሽቦውን ነቀሉና «ልጄ፣ መርፌው ወረደ?» አሉኝ።

«ኧረ አልወረደም!»

«ሽቦው ተነቅሎም ካልወረደ ጥፋቱ የሞተሩም የቡልቦውም አይደለም፤ ራዲያተሩም አልጋለም። ሽቦው ተልጦ ብረት ነክቷል። አንቺ ውሃሽን ለልጅሽ አጠጪ።»

የተላጠውን ቦታ ፈልገው በጨርቅ ጠቀለሉት። ሽቦውን መልሰው ሲያስሩት መርፌው ወረደ። ልጄም ተረፈች።

አጎቴ ካረፉ ገና ወር አልሞላቸውም። ትናንት ቤታቸውን ልጠርግ ሄጄ ሳለ አንድ ሾፌር ከገለምሶ መጥቶ በሩን አንኳኳ።

«አባባ አሉ?» አለኝ።

ማረፋቸውን መናገር አቃተኝ። «ቆይ፣ ልያቸው» ብዬ ገባሁና ባዶው አልጋቸው አጠገብ ቆምኩ። ሰውየው ውጭ ይጠብቃል።