ኢሲድሮና የባሕር ቀንድ አውጣዎቹ

ባሌ ኢሲድሮ አኒላዎ በሚባል የባሕር ዳርቻ ለጠላቂ እንግዶች ቀንድ አውጣ እያሳየ ሃያ ሁለት ዓመት ኖሯል። የባሕር ቀንድ አውጣዎቹ ዛጎል የላቸውም፤ ቀለማቸው ግን የሠርግ ልብስ ያስንቃል። ብዙዎቹ ከሩዝ ፍሬ አይበልጡም። ዓምና ዓይኑ የቅርቡን ነገር እንቢ አለው። ዓሣ ሳቀርብለት እሾኩን በጣቱ ዳሶ ነው የሚያወጣው። መነጽር ያለው የመጥለቂያ ጭንብል ይሠራል ብዬ ብነግረው፣ «ሽማግሌ አታድርጊኝ» አለኝ።

እኔ እሱ በሚሠራበት እንግዳ ማረፊያ የጠላቂዎችን ልብስ ስለማጥብ ወሬው ቶሎ ይደርሰኛል።

በየካቲት አንድ ቀን፣ ባሕር ውስጥ ሦስት እንግዶቹን ሰብስቦ ወርቃማ ነገር በመጠቆሚያ ዘንጉ አሳያቸው። ሦስቱም ፎቶ አነሱ። ጀልባ ላይ ፎቶውን ሲያጎሉት የከረሜላ ልጣጭ ሆኖ ተገኘ።

«ኩያ፣ የምን ጣዕም ነበር?» አለው ዳኒሎ፣ ሌላው አስጎብኚ፤ ኩያ በእኛ ቋንቋ ‹ታላቅ ወንድሜ› ማለት ነው። ጀልባው በሙሉ ሳቀ።

የማረፊያው ባለቤት ወይዘሮ ፌሊሳ አልሳቁም። «ነገም እንዲህ ከሆነ የአየር ሲሊንደር ትሸከማለህ እንጂ ውኃ አትገባም» አሉት።

በማግስቱ ልብስ ሳሰጣ፣ ለሁለት ጀማሪ ሴቶች ሲያስረዳ ሰማሁት።

«ቀንድ አውጣውን አትፈልጉት፤ ምግቡን ፈልጉ። ባለ ሰማያዊ መስመሩ ስፖንጅ የሚባለውን፣ ዓለት ላይ የሚበቅለውን የባሕር እንስሳ ነው የሚበላው። ስፖንጅ ከሌለ እሱም የለም። ነጭ ሪባን እንደ ጽጌረዳ ተጠቅልሎ ካያችሁ እንቁላሉ ነው፤ ወላጁ ሩቅ አይሆንም። እጃችሁን ግን ሰብስቡ።»

«ለምንድን ነው እንዲህ የደመቀው?» አለች አንዷ።

«‹እመርራለሁ፣ አትብሉኝ› ማለቱ ነው።»

«እኛን ያየናል?»

«ኧረ የት አይቶ! ብርሃንና ጨለማ ቢለይ ነው። በቀንዶቹ እያሸተተ ነው ምግቡን የሚያገኘው።»

«እንዳንተው ማለት ነዋ፣ ኩያ!» አለ ዳኒሎ ከኋላ።

«አዎ። እሱን ግን ከሥራ የሚያባርረው የለም።»

የሆነውን ሴቶቹ ናቸው የነገሩኝ። አንድ ስፖንጅ የለበሰ ዓለት ጋ ሲደርሱ፣ ራቅ ብሎ ነጩን ጥቅልል አየ። ጠጋ ሲል ግን፣ በኋላ እንዳመነልኝ፣ ሁሉም ነገር ደበዘዘበት። ዘንጉን አላነሣም። ውኃ ውስጥ በሚጽፍበት ሰሌዳ ላይ «እዚህ ነው፤ እናንተ ፈልጉ» ብሎ ጻፈና እጁን አጣጥፎ ቆመ። ብዙ ቆዩ። በኋላ አንዷ አየር መሳቢያዋን እንደ ነከሰች ጮኸች። አራት ትንንሾች ነበሩ።

«እኔ ነኝ ያገኘሁት!» እያለች ነው ከውኃ የወጣችው። ወይዘሮ ፌሊሳም ሰሙ፤ ሲሊንደር መሸከሙ ቀረለት።

ከዚያ ወዲህ ጀማሪዎቹ የኢሲድሮ ሆኑ፤ ትልልቅ ካሜራ የያዙት ደግሞ የዳኒሎ። ድሮ የእሱ የነበሩ ደንበኞች ናቸው፤ አሁን ሰላም ብለውት ያልፋሉ።

«ይሄ ይሻለኛል» ይላል። እኔም አልከራከረውም። ውኃ ውስጥ ይገባል፤ ከዚህ በላይ ምን እላለሁ።