አምስት ኮከብ የሰጠሁት ድረ ገጽ

ለንስሐ አባቴ ጾም መግደፌን ነግሬያለሁ። ከጎረቤቴ ጋር በአጥር ተጣልቼ ሁለት ፋሲካ ተኳርፈን ማለፋችንንም ነግሬያለሁ። ይህን ግን አልነገርኩም። ለባለቤቴም፣ ለእህቴም፣ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። በእርግጥ የጠየቀኝም የለም። አንዲት ልጅ ብቻ ጠይቃኝ ነበር፤ እሷን ዋሸኋት።

ዳንግላ ላይ፣ ከኮሌጁ በር ፊት ለፊት፣ የጽሕፈትና የኢንተርኔት ቤት አለኝ። እኔ ትምህርት ያቋረጥኩት ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው። ኮምፒውተር ያስተማረኝ ሰው የለም። የፊደል ገበታውን ካርቶን ላይ ሥዬ፣ በአንድ እጄ ወጥ እያማሰልኩ በሌላው ካርቶኑን እየነካካሁ ጣቴን አስለመድኩት። ወጡ ስንት ጊዜ እንዳረረ ባለቤቴ ይመስክር። ስለዚህ የኮሌጅ ተማሪ መጥቶ «እትዬ፣ ይህ እንዴት ነው?» ሲለኝ ደረቴ ይሞላ ነበር። አላውቅም ማለት እንደ ሞት ይከብደኝ ነበር። ኃጢአቴ የሚጀምረው ከዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ሁለት ሺህ ስምንት ዓመተ ምሕረት ግድም ነው። ተመራቂዎች ሥራ የሚፈልጉት በየመሥሪያ ቤቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር አንገታቸውን እያሰገጉ ነበር። ከዚያ ሥራ በኢንተርኔት ይገኛል የሚል ወሬ መጣ። ልጆቹ የትኛው ድረ ገጽ እንደሚሻል ይጠይቁኝ ጀመር። እኔም አንድ ከሰዓት ቁጭ ብዬ አራቱን መረመርኩ።

መረመርኩ ልበል እንጂ ምርመራዬ እንዲህ ነበር። ኔትወርኩ እንደ ልማዱ ይንቀራፈፋል። አንደኛው ድረ ገጽ ሥዕሉ ከግንባር እስከ አፍንጫ መጥቶ ቀረ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ጭራሽ አልከፈቱም። አራተኛው ጠቅ ሳደርገው ዱብ አለ። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ለቶሎ ከፋቹ አምስት ኮከብ፣ ለግማሹ ሁለት፣ ላልከፈቱት አንድ አንድ ሰጥቼ በትልቅ ፊደል አትሜ ግድግዳዬ ላይ ለጠፍኩ። ከሥሩም «ተፈትሾ የተረጋገጠ» ብዬ ጻፍኩ። ውስጡ ምን እንዳለ፣ ማስታወቂያዎቹ መቼ እንደወጡ፣ ማን እንደሚያድሳቸው አላየሁም። ጭነት የሌለው ጋሪ መፍጠኑን ጋሪ በሚርመሰመስበት ከተማ እየኖርኩ እንዴት ረሳሁት?

ልጆቹ ሳቁብኝ። «እትዬ፣ ሆቴል ነው እንዴ አምስት ኮከብ የሚሰጡት?» አሉኝ። እየሳቁም ግን አመኑኝ። ኮሌጁም ሰምቶ ተመራቂዎችን እንድመክር ጠራኝ። እኔ፣ የስምንተኛ ክፍሏ ሴት፣ አዳራሽ ሙሉ ተመራቂ ፊት ቆምኩ። አፌ እንደሆነ ወሬ አይቸግረውም፤ አሳቅኋቸው፣ አስጨበጨብኳቸው፣ በመጨረሻም «ሰሌዳ ሞቷል፤ ሰሌዳ ሥር ቆሞ ፀሐይ መሞቅ ይብቃችሁ» አልኳቸው።

ከሰሙኝ አንዷ ይታይሽ ነበረች። ከአዲስ ቅዳም አለፍ ብሎ ካለ የገጠር ቀበሌ የመጣች፣ በእጽዋት ሳይንስ የተመረቀች፣ ስትናገር ቃሉን አስቀድማ የምትመዝን ልጅ። አባቷ ከሰል አክሳይ ናቸው። ከቤታቸው ኮሌጅ የደረሰች የመጀመሪያዋ እሷ ናት፤ ታናናሾቿም ይማሩ አይማሩ በእሷ ሥራ መያዝ ላይ ተንጠልጥሏል። አባቷ «አንቺ ከተቀጠርሽ እነሱም ይማራሉ፤ ካልሆነ ግን ከሰሉ ሰው ይፈልጋል» ብለዋት እንደነበር ራሷ አጫውታኛለች። ከምክሬ በፊት በየሳምንቱ ሰሌዳ ለሰሌዳ ትዞር ነበር። ከምክሬ በኋላ መዞሯን ተወች። በየሳምንቱ ማክሰኞ በሚኒባስ መጥታ እኔ ዘንድ ጥጉ ላይ ትቀመጥና ባለ አምስት ኮከቡን ትከፍታለች። ለወራት እንዲህ ሆነ። «አለ እንዴ ይታይሽ?» ስላት «የዛሬ ሳምንት ይወጣ ይሆናል» ትለኛለች። እኔን ታጽናናኝ ነበር።

አንድ ሰኞ ጠዋት ከአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊው መጣ። ማተሚያቸው ተበላሽቶባቸው በእጅ የተጻፈ ማስታወቂያ እንድተይብለት ነው። ተየብኩ። ተፈላጊ የትምህርት ዓይነት፣ እጽዋት ሳይንስ። የሥራ ልምድ፣ ዜሮ ዓመት። ብዛት፣ ሁለት። ምዝገባ፣ ከዛሬ ጀምሮ ለአምስት ተከታታይ የሥራ ቀናት። ጣቴ «ዜሮ ዓመት» ላይ ሲደርስ የይታይሽ ፊት መጣብኝ። ይህ የእሷ ሥራ ነው አልኩ። እንዲህ ብዬ በደንብ አስቤያለሁ። ልብ አላልኩም ማለት አልችልም።

በማግሥቱ መጣች። ጥጉ ላይ ተቀመጠች። ማስታወቂያው እኔ ፊት ባለው ኮምፒውተር ውስጥ ነው፤ እሷ ከእኔ አራት እርምጃ ላይ ናት። አፌን ልከፍት ስል ሁለት ተማሪዎች ገቡና አንደኛው ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት በአገጩ እያመለከተ «እትዬ፣ ይህ ኮከብ እስከ ዛሬ ማንን አስቀጠረ?» አለኝ። ቤቱ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ጆሮዬ ግን ጋለ። ሐሙስ ኮሌጁ ለሁለተኛ ጊዜ ጠርቶኛል። አሁን ተነስቼ «ይታይሽ፣ ሰሌዳው ላይ ሥራ ወጥቶልሻል» ብል፣ ሐሙስ በምን አፌ ነው ሰሌዳ ሞቷል የምለው?

ዝም አልኩ። እሷ ስትወጣ «አልወጣም እትዬ» አለችኝ። «ይወጣል፣ ትዕግሥት ነው» አልኳት።

ሐሙስ ካለፈ በኋላ እነግራታለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ። ሐሙስ አለፈ፤ ተጨበጨበልኝ። ዓርብ የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ነው። የእነይታይሽ ጎረቤት ስልክ ቁጥር ደብተሬ ላይ ተጽፏል። ደውዬ ቢሆን በሚኒባስ ከሰዓት በፊት ትደርስ ነበር። ስልኩን አነሳሁ፤ ማክሰኞ ለምን አልነገሩኝም ብትለኝስ ብዬ አስቀመጥኩት። እንደገና አነሳሁ፤ እንደገና አስቀመጥኩት። ኔትወርክ አልነበረም ብዬ ልጽፍ ፈልጌ ነበር፤ ሌላው ሁሉ የሚያመካኘው በእሱ አይደል? ኔትወርክ ነበረ።

የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይላሉ። እኔ የተናገርኩት እንዳይጠፋ የሰው ልጅ አጠፋሁ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ስትመጣ ጥጉ ላይ አልተቀመጠችም። አብራት የተመረቀች ጓደኛዋ ተመዝግባለች፤ ምዝገባው ካለቀ በኋላ መንገድ ላይ አግኝታ ነግራታለች። ፊት ለፊቴ ቆመች። ቁጣ እንኳ አልነበረባትም።

«ሰሌዳው ላይ ወጥቶ ነበር አሉ፤ ሰምተው ነበር እትዬ?»

«አልሰማሁም» አልኳት። ይህ አንሶኝ ደግሞ መሥሪያ ቤቱን ወቀስኩ። በዚህ ዘመን ኢንተርኔት ላይ ሳያወጡ፣ እነዚህ ኋላ ቀሮች አልኩ። ያዘንኩ መሰልኩ።

«እርስዎማ ቢሰሙ ይነግሩኝ ነበር» አለች። ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

ያን ዕለት ነው ባለ አምስት ኮከቡን ለመጀመሪያ ጊዜ ከላይ እስከ ታች ያነበብኩት። ማስታወቂያዎቹ ሁሉ ጊዜያቸው ካለፈ ዓመት ያልፋቸዋል። የሚያድሰው ሰው ትቶት ሄዷል። ቶሎ የሚከፍተው ባዶ ስለነበር ነው። ወረቀቱን ቀድጄ ጣልኩ። ልጆቹ ለምን እንደቀደድኩት ሲጠይቁኝ «ግድግዳ ልቀባ ነው» አልኩ። እሱም ውሸት ነው፤ ግድግዳው እስከ ዛሬ አልተቀባም።

ይታይሽ ወደ አባቷ ከሰል ተመለሰች። ቀጥሎ ያለው ወንድሟ ከስምንተኛ ክፍል ቀረ አሉ። እኔ ያቋረጥኩበት ክፍል ላይ። ስለዚህ አንድ ሥራ ብቻ አይደለም ያጠፋሁባት።

ከሦስት ዓመት በኋላ ትንሿን እህቷን ይዛ መጣች። የጣቶቿ ጥፍር ሥሩ ጠቁሯል። ይህችኛዋን እንደ ምንም አስተምራ ኮሌጅ አስገብታለች፤ የት ሥራ እንደምትፈልግ እንድመክርላት ነው የምትለው። እህትየዋ ጠርጠር አድርጋኝ በአዊኛ አንድ ነገር ጠየቀቻት። ይታይሽም በአዊኛ መለሰችላት። እናቴ የአዊ ልጅ መሆኗን አታውቅም፤ የማልሰማ መስሏት ነው። «ይህች ሴት አትዋሽም» ነበር ያለቻት።

ፊቴ ላይ ብታመሰግነኝ፣ ይሉኝታ ነው ብዬ እጽናና ነበር። ከጀርባዬ እንደምትለው አድርጋ ፊቴ ተናገረችው። ለእህትየዋ ሰሌዳውንም ኢንተርኔቱንም እይ፣ የወጣበትን ቀን ሳታነቢ አንዱንም አትመኚ ብዬ መከርኳት። ደህና ምክር ነበር። ለይታይሽ ግን ያን ዕለትም አልነገርኳትም። ሸኘኋቸውና በሩን ዘግቼ ተቀመጥኩ።

ማስታወቂያው እስከ አሁን ኮምፒውተሬ ውስጥ አለ። ላጠፋው ስንት ጊዜ ጠቅ እንዳደረግሁ፣ ስንት ጊዜ «አይ» የሚለውን እንደመረጥኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ይህንንም የምተይበው በዚያው ኮምፒውተር ነው። የማተመው ሁለት ቅጂ ነው። አንደኛው የእናንተ ነው። ሁለተኛውን እናንተ ከማንበባችሁ በፊት በሚኒባስ ይዤ ሄጄ ራሴ እሰጣታለሁ፤ ከዚያ ማስታወቂያ ጋር አያይዤ።

ይቅርታ አድርጊልኝ የሚል ቃል አልጨመርኩበትም። ያልተማርኩ ነበርኩ፣ ደግ ማድረጌ መስሎኝ ነበር የሚለውንም አልጨመርኩም፤ ደጉ ነገር ሰኞ ጠዋት በእጄ ነበረ። ከላይ፣ በራሴ እጅ ጽሑፍ፣ የጥያቄዋን መልስ ብቻ ነው የጻፍኩላት።

ሰምቼ ነበር፣ ይታይሽ። የተየብኩትም እኔ ነኝ።